«ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ ደረሰኝ። የላኩልኝ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጎተንበርግ አካባቢ ዛፍ በመቁረጥና ቁጥቋጦ በማጽዳት ነው የምተዳደረው። ስዊድን ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሐበሾች ብዙ አይደለንም። ስለዚህ መጋዝ የሚል ቃል ያለበት ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ፣ ሐሳቡ በአጭሩ ይሄ ነው። ለሞተር መጋዝ ተብሎ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠው አልኪላት ቤንዚን የሀብታም ሀገር ቅንጦት ነው። ከማደያው ቤንዚን የሚለየው በጄሪካኑና በዋጋው ብቻ ነው። ጭሱ የሚያስቸግረው ሰው ጭንብል ያድርግ። ከማደያ 98 የሚባለውን ቤንዚን ገዝቶ ዘይት መጨመር ይበቃል። ተቀላቅሎ የመጣውን የግድ ከፈለጋችሁም ሁሉም አንድ ስለሆነ ርካሹን አንሡ። አሮጌ መጋዝ ደግሞ ያበላሻል። አረንጓዴ መባሉም ማታለያ ነው። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ሀገር ቤት ያሉ አጎታቸውን ያነሣሉ። አጎትየው 20 ዓመት ሙሉ በማደያ ቤንዚን ባሕር ዛፍ ሲቆርጡ ኖረው ምንም አልሆኑም።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ቀልዳቸው ደስ ይላል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይም ልክ ናቸው። ስደርስበት አልደብቅም። ዋናው ነገር ላይ ግን ስተዋል።

ከጄሪካኑ እንጀምር። የማደያ ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፣ ብዙ ዓይነት ነገር የተደባለቀበት ፈሳሽ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስከ 35 በመቶ አሮማቲክ የሚባሉት ለጤና የማይበጁ ውሕዶች፣ እስከ 1 በመቶ ደግሞ ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል እንዲኖርበት ይፈቀዳል። ግራ እንዳያጋባችሁ፣ ይሄኛው ነዳጁን የምንጠራበት ስም ሳይሆን ነዳጁ ውስጥ የሚገኝ መርዝ ነው። ለመለየት እንዲመች ከዚህ በኋላ ቤንዞል እለዋለሁ፣ ጀርመኖችም እንደዚያ ይሉታል። አልኪላት ውስጥ አሮማቲኩ ከ1 በመቶ በታች ነው። ቤንዞሉ ደግሞ ከ0.1 በመቶ አያልፍም። ኢታኖል የሚባለው አልኮልም የለበትም።

ብዙ ሰው «የተጣራ ቤንዚን» ይለዋል። እሱም ልክ አይደለም። ጉሽ ጠላን አጥልሎ እንደማቅረብ ያለ ነገር አይደለም። ከመነሻው በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ እንደ ኢሶቡታንና ቡቲሊን ያሉ ጋዞች በጠንካራ አሲድ አማካይነት እርስ በርስ እንዲያያዙ ይደረጋል። የሚወጣው ንጹሕ ፈሳሽ ነው። አዲስ ግኝትም አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለተዋጊ አውሮፕላኖች ባለ 100 ኦክቴን ነዳጅ ሲሠራ አንዱ ዋና ግብዓት ይሄው አልኪላት ነበር። ማሸጊያ ብቻ ነው ለማለት ታዲያ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ጭሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ነገር እኔ ስምንት ክረምት የኖርኩበት ነው።

የመጋዝ ሞተር ሁለት ምት የሚባለው፣ ዘይቱን ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የሚያገኝ ዓይነት ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አዲሱ ነዳጅ የሚገባበትና የተቃጠለው ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። በዚያች ቅጽበት ከገባው ነዳጅ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳይቃጠል በማርሚታው፣ ማለትም በጭስ ማውጫው፣ ይወጣል። ስለዚህ መጋዝ የያዘ ሰው የሚተነፍሰው ጭስ ብቻ አይደለም፣ ነዳጁን ራሱን ነው። መኪና ላይ ጭሱ ከኋላ ይወጣል፣ መሐል ላይም ማጽጃ አለው። መጋዝ ላይ ግን ማርሚታው ከአፍንጫችሁ ግማሽ ሜትር አይርቅም። ዛፉን ከሥሩ ለመቁረጥ ጎንበስ ትላላችሁ። ክረምት ነው፣ ነፋስ የለም፣ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ጭሱ መሄጃ አጥቶ ራሳችሁ ላይ ይንሳፈፋል።

የመጀመሪያ ክረምቴን የሠራሁት የማደያ ቤንዚን በሚቀላቅል ሰው ሥር ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሴን ይፈልጠኛል። ማታ ምግብ አይበላልኝም። ብርዱ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሥራ ቀየርኩ። እዚያ አልኪላት ነበር የሚቀዳው። ብርዱ ያው ብርድ ነው፣ ራስ ምታቱ ግን ጠፋ። ይሄ የእኔ ታሪክ ነው፣ ማስረጃ ነው አልልም።

እኔ ብቻ ግን አይደለሁም። አልኪላት ለመጋዝ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የስዊድን የደን ሠራተኞች ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አስቸገረን እያሉ ነበር። እዚሁ ጎተንበርግ ያለው የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመጋዝ የሚወጣውን ጭስ መረመሩ። ሮላንድ ኤልመንግ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 አስፔን የተባለውን ነዳጅ ይዞ ገበያ ወጣ። ዛሬ ሽቲልም ሁስክቫርናም የየራሳቸውን ይሸጣሉ። ሐሳቡ የተነሣው ሞተር ለማሳመር ሳይሆን መጋዙን የያዘውን ሰው ለማዳን ነው።

ጭንብሉስ? ከፋርማሲ የምንገዛው ጭንብል አቧራ ይይዛል። የቤንዞል ትነትን አይይዝም። ትነት የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው። እሱን አጥልቃችሁ፣ ላዩ ላይ የራስ ቁርና የጆሮ መሸፈኛ ደርባችሁ፣ ስምንት ሰዓት ዳገት ላይ ሥሩ እስቲ። ጸሐፊው ራሳቸው ሞክረው ቢሆን ኖሮ አይጽፉትም ነበር። ቤንዞል ደግሞ በቆዳም ይገባል። ነዳጅ ስትቀዱ እጃችሁ ላይ የሚፈሰውን ጭንብሉ ምን ያደርገዋል?

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ይሄን የነዳጁ ሻጮችም ጮክ ብለው አይናገሩትም። አልኪላትም ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታው ስለማይቆጠቁጥ ሰው ይዘናጋል። በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መጋዝ አስነሥቶ መሞከር በማንኛውም ነዳጅ ይገድላል። እሳቱም ያው የቤንዚን እሳት ነው።

98 ቤንዚን ይበቃል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። 98 የሚለው ቁጥር የኦክቴን ቁጥር ነው። ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያለውን አቅም ይነግራችኋል እንጂ ምን እንዳለበት አይነግራችሁም። አሮማቲኩ አለ፣ ቤንዞሉም አለ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮ መደበኛው 95 እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። 98 እስከ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ95ቱ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን የቀነሰው ኢታኖሉ ነው፣ ሌላው ነገር አልተነካም።

ኢታኖል ውኃ ይስባል። ጄሪካኑ በደንብ ካልተዘጋ፣ ጊዜ ሲያገኝ፣ ውኃውና ኢታኖሉ ተያይዘው ከታች ይቀመጣሉ። መጋዝ ነዳጅ የሚስበው ከታች ነው። ኢታኖሉ ጎማ ቱቦውንና ነዳጁን ከአየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ውስጥ ያለችውን ስስ ዳያፍራም ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። የመጋዝ አምራቾች በማደያ ቤንዚን የተቀላቀለ ነዳጅ ከ30 ቀን በላይ አታቆዩ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። እኔ የራሴን ትንሽ መጋዝ አንድ መኸር ላይ ነዳጁን ሳላወጣ ጓዳ ከተትኩት። ሚያዝያ ላይ ሳወጣው ገመዱን እስኪደክመኝ ጎተትኩ። ካንዴላ ቀየርኩ። አሁንም የለም። ካርቡሬተሩን ስፈታው ውስጡ እንደ ቫርኒሽ የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ተጋግሮበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፣ እኔ ግን ቅጠሉን የፈለግሁት ከተቃጠለ በኋላ ነው። አልኪላት በታሸገ ጄሪካን ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ታንክ ውስጥ ክረምቱን ቢያሳልፍም መጋዙ ይነሣል።

ዋጋው ላይ ጸሐፊው ሦስት እጥፍ ይላሉ። ብዙም አልተሳሳቱም። 5 ሊትር የተቀላቀለ አልኪላት ከ200 ክሮነር በላይ ነው። የማደያው ቤንዚን ሊትሩ ከ15 እስከ 20 ክሮነር ሲወጣ ሲወርድ ይከርማል፣ ዘይቱን ስትጨምሩበት ትንሽ ይወደዳል። ልዩነቱን በሊትር 25 ክሮነር ብለን እንያዘው።

ሒሳቡን ያቆሙት ግን እዚህ ላይ ነው። በዓመት ስንት ሊትር? መካከለኛ መጋዝ በደንብ ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ለምድጃ እንጨት የሚቆርጥ ሰው በዓመት 5 ሊትር ከጨረሰ ጥሩ ሠርቷል። ልዩነቱ 125 ክሮነር ነው። እዚህ ሀገር በዚህ ብር የጥገና ሱቅ ውስጥ ሠራተኛው መፍቻውን አንሥቶ መልሶ ያስቀምጥላችኋል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አልኪላት ቅንጦት አይደለም፣ ርካሹ እሱ ነው።

በመጋዝ እንጀራ ለሚበላ ሰው ግን ነገሩ ይለያል፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በቀን 4 ሊትር፣ በዓመት 200 ቀን፣ 800 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ 20,000 ክሮነር ነው። በ200 ሊትር በርሜል ከተገዛ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም። በንዑስ ኮንትራት የሚሠሩ፣ በሄክታር የሚከፈላቸው፣ ነዳጁንም ከኪሳቸው የሚሞሉ ልጆች አውቃለሁ። ለእነሱ 20,000 ክሮነር ቤት ኪራይ ነው፣ ለእናት የሚላክ ብር ነው። ችግሩ ግን ጭሱን ከሁሉም በላይ የሚተነፍሰውም ይሄው ሰው መሆኑ ነው። በዓመት 5 ሊትር የሚያቃጥለው ጡረተኛ ስዊድናዊ ንጹሕ ነዳጅ ይጠቀማል፣ 800 ሊትር የሚያቃጥለው ስደተኛ የማደያውን። ጸሐፊው «ስለዚህ ርካሹን ተጠቀሙ» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ነዳጁ ለምን ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል?» እላለሁ። ሥራ ስትይዙ ከደመወዙ ቀጥሎ ጠይቁት። እኔ ሁለተኛው ሥራዬ ላይ ጠይቄያለሁ፣ ማንም አልተቆጣኝም። አለቃዬ እንዲያውም ለምን እንደምጠይቅ አልገባውም፣ ለእሱ ግልጽ ነገር ነበር።

ሁሉም አንድ ነው፣ ርካሹን አንሡ የሚለው ምክር ግን ከሁሉም የባሰው ነው። ሁለት ነገሮችን አንድ አድርገዋል። «የተቀላቀለ» ማለት ዘይቱ ውስጡ አለ ማለት ነው። «አልኪላት» ማለት ነዳጁ ራሱ ሌላ ነው ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር የግድ አይመጣም። ተራ ቤንዚን ዘይት ተጨምሮበት፣ በሚያምር ጄሪካን ታሽጎ ሊሸጥ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መደርደሪያው ላይ «ከኢታኖል ነጻ» የሚል ጣሳ በብዛት ታያላችሁ። ከኢታኖል ነጻ መሆኑ ለካርቡሬተሩ ጥሩ ነው። ስለ ሳንባችሁ ግን ምንም አይልም።

ስለዚህ ጄሪካኑን አዙሩና አንብቡ። ስዊድን ከሆናችሁ «አልኪላትበንሲን» (alkylatbensin) የሚለውን ቃል ፈልጉ። ኤስኤስ (SS) 155461 የሚለው የስዊድን ደረጃ ቁጥር ካለበት ነገሩ አለቀ፣ የማንም ስም ቢለጠፍበት ግድ የለም። እኔ ራሴ ደረጃውን እስካሟላ ድረስ በቅናሽ ያገኘሁትን ነው የማነሣው። ሌላ ሀገር ከሆናችሁ የአሮማቲክና የቤንዞል መጠኑን ፈልጉ። ጄሪካኑ ላይ ከሌለ ሻጩን የደኅንነት መግለጫ ወረቀቱን ጠይቁት፣ እዚያ ላይ ይኖራል። ቀጥሎ የዘይቱ መጠን ነው። አሁን ያሉት መጋዞች አብዛኞቹ 2 በመቶ ይፈልጋሉ፣ ማለትም 50 ለ1። 40 ለ1 የሚሉ ጣሳዎችም አሉ፣ የመጋዛችሁን መመሪያ ተመልከቱ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። አስፔን ላይ 2 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 2 ቁጥር ዘይት አለበት፣ ለመጋዝ ነው። 4 ቁጥር ዘይት የለበትም፣ ለሣር ማጨጃና ለመሳሰሉት አራት ምት ሞተሮች ነው። ጄሪካኖቹ ወንድማማች ይመስላሉ። አንድ ባልደረባዬ ጠዋት በጨለማ፣ ገና ቡናው ሳይገባው፣ 4 ቁጥሩን መጋዙ ውስጥ ቀዳው። መጋዙ ተነሣ፣ ደስ በሚል ድምፅ ሠራ፣ ከዚያ ደርቆ ቀረ። ፒስተኑ ዘይት አጥቶ ነክሷል፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። ያ ጠዋት ከአንድ ዓመት ነዳጅ በላይ አስወጣው።

አሮጌ መጋዝ ያበላሻል የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጋሼ ከስዊድናዊ አማታቸው የወረሱት ሁስክቫርና አላቸው። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት አልኪላት ቀዱበትና በሳምንቱ «ልጄ፣ ይሄ ያመጣኸው መድኃኒት በሽተኛውን ሊገድለው ነው» ብለው ደወሉልኝ። ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ሚኒሞውም፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት፣ አልረጋም።

የሆነው እንዲህ ነው። ለዓመታት አሮማቲክ የጠጣ ጎማ ያብጣል። አሮማቲኩ ሲቀር ይኮማተራል። ያረጀ ጎማ ከሆነ ሲኮማተር ያፈስሳል። ሁለተኛ፣ አልኪላት ቀለል ይላል። የማደያው ሊትር 0.75 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ይሄኛው 0.7 ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ ሚዛን አያውቅም፣ የሚያሳልፈው በመጠን ነው። ስለዚህ ለሞተሩ የሚደርሰው ነዳጅ ትንሽ ያንሳል፣ አየሩ ይበዛል፣ ሞተሩ ይግላል። የካርቡሬተሩ ማስተካከያ ብሎን ካልተስተካከለ መጨረሻው መንከስ ነው። የጋሼን ቱቦና ጎማዎች ቀየርን፣ ካርቡሬተሩን አስተካከልን፣ አሁን ይሠራል። ከአዳዲሶቹ መጋዞች በራሳቸው የሚያስተካክሉት ይሄ ጣጣ የለባቸውም። አንዴ ከቀየራችሁ ግን ወዲያና ወዲህ አትበሉ። አንድ ሳምንት አልኪላት፣ አንድ ሳምንት የማደያ እያሉ መቀላቀል የሁለቱንም ጥቅም ያሳጣል።

አረንጓዴ መባሉን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። አልኪላት ከድፍድፍ ዘይት ነው የሚመጣው፣ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የዓለምን ሙቀት ይቀንሳል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትስሙት። ጥቅሙ ለሚሠራው ሰው፣ ለሞተሩና ለአካባቢው አየር ነው።

የቀሩት አጎትየው ናቸው። እድሜ ይስጣቸው፣ ከልቤ ነው። ግን «ምንም አልሆኑም» የሚለውን ማን መርምሮ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቤንዞልን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ውስጥ ነው የመደበው። የሚጎዳው መቅኔንና ደምን ነው። ከውጭ የሚታይ ሳል አይደለም። ሃያ ዓመት ባሕር ዛፍ ቆርጠው ያልቆዩትን አጎቶች ደግሞ ማንም በምሳሌነት አያነሣቸውም።

ለአጎትየው አልኪላት ግዙ ማለት ግን ቀልድ ይሆናል። ለእሳቸው የሚሆነው ሌላ ነው። ቤንዚኑ መቼ እንደተቀዳ በማይታወቅ ሃይላንድ ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከማደያ ይሁን። ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ይቀላቅሉ። ዘይቱ የሁለት ምት ዘይት ይሁን፣ ከመኪና የወጣ አይሁን። በዓይን ሳይገምቱ ይለኩ፣ ለ5 ሊትር አንድ ዴሲሊትር ማለት ነው። ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ይቁሙ። ማታ ታንኩን ያራግፉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ጸሐፊው መጋዝ ሊልኩላቸው አስበው ከሆነ፣ ከመጋዙ ጋር አንድ ትርፍ ቱቦ፣ አንድ የካርቡሬተር ዳያፍራምና ሁለት ካንዴላ ይጨምሩበት። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም።

ጋሼ ለቅዳሜ ቀጥረውኛል። አሁን ደግሞ ሣር ማጨጃው አልነሣም ብሏቸዋል። 4 ቁጥሩን ይዤ እሄዳለሁ።